ያልዋጥኩት ድራፍት፦ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የያዝኩት አንድ የቅምሻ ማንኪያ፣ አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ኩባያና አንድ ደብተር ነበር። መንገዱ ለማንም አዲስ አይደለም፤ ከዲላ በወናጎ አድርጎ ይርጋጨፌ። አዲሱ ነገር የሄድኩበት ጉዳይ ነው። ከድራፍት ቤት ድራፍት ቤት እየዞርኩ ቢራ ልቀምስ ነበር የተነሳሁት።

የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ዓይናቸውን እንደሚያሹ አውቃለሁ። አርባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ ጴንጤ ነኝ፤ ቢራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ናሙና ይመጣል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይፈላል፤ እኔ በማንኪያ እየማግሁ ይህ የአበባ ሽታ አለው፣ ያኛው ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ይሄ ደግሞ ሻግቷል ብዬ እጽፋለሁ። እንጀራዬ አፍንጫዬ ነው ማለት ነው። ኅዳር ላይ ታዲያ ክፉ ጉንፋን ያዘኝና ሽታ የሚባል ነገር ድራሹ ጠፋ። ከገና በኋላ የተመለሰ መሰለኝ። አንድ ቀን ወርቃ ከሚባለው ቀበሌ ቡና የሚያመጣው ሹፌር ግቢ ውስጥ ቆሞ አየሁትና፣ ከጠረጴዛው ላይ የመጀመሪያውን ናሙና ስቀምስ ያ የማውቀው የወርቃ አበባ አፌን ሞላው። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ናሙናው ግን የወርቃ አልነበረም፤ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ከርሞ ሽታው የተሟጠጠ ቡና ነበር። አፍንጫዬ ያላገኘውን ጭንቅላቴ ሞልቶልኛል። አለቃዬ ደግ ሰው ነውና አልጮኸብኝም፤ ሰኞ ጠዋት እንደገና እንድፈተን ብቻ አዘዘ። ካለፍኩ ወደ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ፤ ከወደቅኩ መዝገብ ቤት እገባለሁ።

ከፈተናው በፊት እውነቱን ለራሴ ማወቅ ፈለግኩ። በቡና ግን አይሆንም፤ ሃያ ዓመት የቀመስኩትን አእምሮዬ በቃሉ ይዞታል፣ እንደገና ይዋሸኛል። ይህን ጭንቀቴን ለጓደኛዬ ለተካልኝ አወራሁት። ተካልኝ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኖ ዲላ ከመጣ ስምንት ዓመቱ ነው።

«በሕይወትህ ቀምሰኸው የማታውቀው ነገር ምንድነው?» አለኝ።

«ቢራ።»

ፊቱ በራ። «በቃ! አእምሮህ የማያውቀውን ሊዋሽህ አይችልም። ወጪው የኔ፣ ድራፍት ቤቱን መምረጥም የኔ። አንተ አፍንጫህን ብቻ ይዘህ ና።»

ባለቤቴ ታደለች ነገሩን ሰምታ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ «ሥራህ ነው፣ ቅመስ። ግን አንዲት ጠብታ ጉሮሮህን እንዳታልፍ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ይህ ለቀማሽ ከባድ ቃል አይደለም፤ ቀን ሙሉ የምንቀምሰውን ቡናም እንተፋዋለን እንጂ አንውጠውም።

አራት ሰዓት፣ ዲላ

የመጀመሪያው ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ፣ በረንዳው በቆርቆሮ የተከደነ ሰፊ ቤት ነው። ተካልኝ ገና ሳይቀመጥ ቤቱን መመርመር ጀመረ። ጥሩ ድራፍት ቤት መጀመሪያ በብርጭቆው ይታወቃል አለኝ። ጃምቦው፣ ማለትም እጀታ ያለው ትልቁ የድራፍት ብርጭቆ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ አፉን ደፍቶ መድረቅ አለበት፤ በጨርቅ ከተወለወለ አረፋው አይቆምም። ሁለተኛው ነገር ጠጪ ነው። ጠጪ የሌለበት ቤት በርሜሉ ተከፍቶ ይሰነብታል፣ ቢራው ይደክማል። ስለ ድራፍት ሲያወራ እኔ ስለ ቡና ሳወራ የምሆነውን ይሆናል፤ ለካ እንዲህ አሰልቺ ነኝ ብዬ ትንሽ አፈርኩ።

ፈተናው በእኛ ሙያ የታወቀ ነው። ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ልዩ ነው። ልዩውን ማውጣት የቀማሹ ፋንታ ነው። ቤቱ የሁለት ፋብሪካ ድራፍት ስለሚቀዳ ተካልኝ ወደ ማሽኑ ሄዶ ራሱ አስቀዳና አምጥቶ ደረደራቸው። እኔም ማንኪያዬን አውጥቼ ከመጀመሪያው ጨለፍኩና፣ በቅምሻ ቤት እንደምናደርገው፣ ከነአየሩ በኃይል ማግሁት። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ኩባያዬ ውስጥ ተፋሁት።

አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። «ጋሼ፣ ድራፍት እኮ ነው። ሾርባ መሰሎት?»

«እየቀመስኩ ነው እህቴ።»

«ታዲያ ለምን ይተፉታል? ምን አለው?»

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽበታም ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሲገባ ሳየው ምራቁን የዋጠ ሰው መስሎኝ ነበር!» ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ተካልኝ ሳቁን ማቆም አቅቶት ጠረጴዛውን ይደበድብ ጀመር። እኔም ፊቴ እየነደደ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ሳቁ ሲያልፍ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሦስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ቀመስኩ። ቀዝቃዛ፣ መራራ፣ አረፋ። ቀዝቃዛ፣ መራራ፣ አረፋ። ደብተሬ ላይ ከዚህ ሌላ የጻፍኩት የለም። «ሦስተኛው» አልኩ በግምት። ተካልኝ «የመጀመሪያው ነበር» አለኝና ሦስቱንም አንድ በአንድ ጠጣቸው።

ስድስት ሰዓት፣ ወናጎ

ወደ ወናጎ በሚኒባስ አርባ አርባ ብር ከፍለን ሄድን። ከዲላ ወጥቶ እስከ ወናጎ መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ በመሃል የሰው ቤት ጭስ። በሌላ ጊዜ መስኮቱን ከፍቼ ይህን አየር እስበው ነበር። የዚያን ቀን ግን መስኮቱን አልከፈትኩም። ምንም ባይሸተኝስ ብዬ ፈራሁ።

የወናጎው ቤት ባለቤት ጋሽ በራሶ ይባላሉ። ጌዲኦ ናቸው፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከቤታቸው ፊት አግዳሚ አውጥተው መንገደኛውን ሁሉ ሰላም የሚሉ ሰው። ማሽኑ አንድ ነው፣ ድራፍቱም አንድ ዓይነት። ተካልኝ ለፈተናው የዚያኑ ፋብሪካ የጠርሙስ ቢራ ጨመረበት፤ ሁለቱ ከማሽን፣ አንዱ ከጠርሙስ።

«ይቺ በርሜል ዛሬ ጠዋት ነው የገባው» አሉ ጋሽ በራሶ በኩራት። «የኔ ድራፍት ቆንጆ ናት፣ አይሰነብትም። እኔ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጌታን ተቀብዬ ተውኩት እንጂ፣ ድሮ ብትሆን አንድ በርሜል ለብቻዬ!»

«እርስዎ አይጠጡም?» አልኳቸው።

«አልጠጣም። እሸጣለሁ። ሚስቴ ግን ተቆጣ፤ ‹ሽያጩንም ተው› አለኝ። እሱም ልክ ነው» አሉና ወደ ጓዳ እያዩ ሳቁ። እሱ ያሉት ሚስታቸውን ነው፤ ሴትዮዋም ከጓዳ ሆነው በጌዲኦኛ አንድ ነገር መለሱላቸው፣ ምንም ሳይተረጎምልኝ ገባኝ።

ቀመስኩ። ሁለተኛው ልዩ ነው አልኩ። ተካልኝ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «ልክ! ልክ ነህ!»

ልቤ ዘለለ። ግን ውሸት አልችልም፤ ደግሞም የምዋሸው ራሴን ነው። «ተኬ፣ በአፍንጫዬ አይደለም ያወቅኩት። ጠርሙሱ እንደ ድራፍቱ አልቀዘቀዘም። በምላሴ ነው የለየሁት።»

ተካልኝ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እንዲያ ከሆነ አይቆጠርም» አለ።

ምሳ እዚያው በላን። ሁዳዴ ስለሆነ ተካልኝ በበርበሬ ያበደ ሽሮ አዘዘ፤ ጾም ይዞ ድራፍት መጠጣቱን ሳነሳበት «ገብስ ነው፣ የጾም ነው» ብሎ ዘጋኝ። እኔ ቀማሽ ነኝና ከፈተና በፊት በርበሬም ሽንኩርትም ክልክል ነው። ጋሽ በራሶ አዝነውልኝ ቆጮ በተቀቀለ ድንች አስመጡልኝ። ከተካልኝ ሰሃን የሚወጣውን የሽሮ እንፋሎት በዓይኔ ብቻ አየሁት።

ወደ ይርጋጨፌ በሄድንበት ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው፣ አይ ዕድሌ፣ እህት ሣራ ሆነች። ከባለቤቴ ጋር በአንድ የጸሎት ቡድን ውስጥ ናት። ሰላም ብላኝ ትንሽ እንደሄድን አፍንጫዋን ሰበሰበች።

«ወንድም ጥላሁን፣ ይቅርታ አድርግልኝና… ቢራ ቢራ ትሸታለህ።»

«አልጠጣሁም። ቀምሼ ተፍቼዋለሁ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለችና እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ትጸልይልኝ ጀመር። ተካልኝ ከኋላ ወንበር «አሜን» አለ። እኔ ግን ልቤን የበላው ሌላ ነገር ነበር፤ እሷ ከክንድ ርቀት የሸተታትን እኔ ከገዛ አፌ አላገኘሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ይርጋጨፌ

ይርጋጨፌ ስንደርስ ዋናው መንገድ በባጃጅና በቡና መኪና ተጨናንቋል። ተካልኝ የመረጠው ቤት የእትዬ ብርቄ ነው። እትዬ ብርቄ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ይርጋጨፌ የኖሩ የጉራጌ ሴት ናቸው። ቤቱ ጢም ብሏል፤ የእንግሊዝ ኳስ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ይታያል፣ ነጋዴውም ሹፌሩም አስተማሪውም ጃምቦውን ይዞ አፉን ከፍቷል። ማሽኑ ላይ እትዬ ብርቄ ራሳቸው ቆመዋል፤ ሌላ ሰው እንዲቀዳ አይፈቅዱም አሉ።

ተካልኝ ሦስት ጃምቦ ይዞ መጣና ደረደረ። ማንኪያዬን ሳወጣ አጠገባችን ያሉት ሁለት ሹፌሮች ከኳሱ ዓይናቸውን ነቅለው እኔን ማየት ጀመሩ። የመጀመሪያውን ማግሁ፤ ቀዝቃዛ፣ መራራ… ከኋላው ግን ስሙን የማላውቀው አንድ ለስለስ ያለ ነገር ነበር። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ገና ማንኪያው አፌ ሳይደርስ አንድ ሽታ መጣብኝ። ቆምኩ። እንደገና አሸተትኩ። ጀንፈል ነው፤ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ከረጢት ውስጥ የተከማቸ፣ ያ ጣፈጥ ብሎ ጎምዘዝ የሚል አቧራማ ሽታ። ሦስተኛውን ቀመስኩ፤ እንደ መጀመሪያው ነው።

«መካከለኛው ነው ልዩው» አልኩ። «ጀንፈል ይሸታል።»

ተካልኝ አላየኝም። መሬት መሬት እያየ «ጥላሁን» አለኝ። ሳያቆላምጥ በስሜ ሲጠራኝ ደግ ነገር አይደለም። «ሦስቱም አንድ ናቸው። ከአንድ ማሽን፣ ከአንድ በርሜል፣ ተከታትለው የተቀዱ። ሳታውቅ ላይህ ፈልጌ ነው። ልዩ የለም።»

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ሞትኩ። ከሁሉም ከሁሉም ቡና! ቢራ ውስጥ እንኳ አእምሮዬ የሚያመጣልኝ ቡና ነው። ሃያ ዓመት የለመደውን ዘፈን ብቻውን እየዘፈነ ነው እንጂ አፍንጫዬ የለም። ማንኪያዬን በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለው የብረት መደርደሪያ፣ አቧራው፣ ጠባቡ መስኮት ፊቴ ላይ መጣ። «እንሂድ ተኬ» አልኩ።

ከሹፌሮቹ አንዱ ግን ሰምቶኝ ኖሮ ወደ ማሽኑ ጮኸ። «እትዬ ብርቄ! እኚህ ሰውዬ ድራፍትሽ ጀንፈል ይሸታል ይላሉ!»

ያን ጊዜ ኳሱ እረፍት ሆኗል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ ፈት ነው። እትዬ ብርቄ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ።

«ማነው እሱ? አንተ ነህ? የኔ ድራፍት? ከሐዋሳ የሚመጣ ሰው ሳይቀር የሚያመሰግነው ድራፍት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፍንጫዬ ታሟል። ድራፍቱ ምንም አልሆነም።»

«የቱ ነው የሸተተህ?»

መካከለኛውን አሳየኋቸው። አነሱት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ብርጭቆውን ዞር ዞር አድርገው አዩትና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ። «ውይ፣ ውይ፣ ውይ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኳሱ ሰው ሲበዛባቸው ጃምቦ አለቀ። ከጓዳ አንድ አውጥተው በችኮላ ሳያለቀልቁ ቀዱበት። ጓዳው ውስጥ ደግሞ ትርፎቹ ጃምቦዎች የተደፉት ዋጋው እስኪሻል የሚጠብቅ የዘንድሮ ጀንፈላቸው ከረጢት ላይ ነው። ከኅዳር ጀምሮ እዚያ ተደፍተው ሽታውን ሲጠጡ ከርመዋል።

ከዚያ ተካልኝ ከወንበሩ ተነስቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመና «አለ! አፍንጫህ አለ! አንተ ሰውዬ፣ አፍንጫህ አለ!» እያለ ያነሳኝ ጀመር። ሹፌሮቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ። አርባ አንድ ዓመቴ፣ ድራፍት ቤት ውስጥ፣ ቢራ ሳልጠጣ አለቀስኩ።

እትዬ ብርቄ ግን በአንድ ጊዜ የሚያምኑ ሴት አይደሉም። «ገጥሞህ ይሆናል» አሉና ከጓዳ አንድ ሌላ ጃምቦ፣ ከመደርደሪያው ሁለት አመጡ። ጀርባዬን አዙረው ሦስቱን ከማሽኑ ቀዱ፣ ቦታ እያቀያየሩ ሦስት ጊዜ ደረደሩልኝ። ሦስቱንም ጊዜ አገኘሁት። በሦስተኛው ላይ ማንኪያም አላስፈለገኝም። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ ከውጭ የሚያልፍ ሰው ጎል የገባ መስሎት አንገቱን አስገባ።

«እሺ፣ ደህናውስ ምን ይሸታል?» አለኝ አንድ አስተማሪ ብርጭቆውን እያሳየኝ።

አሁን ነው ማሽተት ማለት። ዓይኔን ጨፈንኩ። «ትኩስ ዳቦ… ቅርፊቱ። ጭድ፣ ዝናብ ያልነካው። መጨረሻ ላይ ያልበሰለ ሙዝ፣ ከዚያ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ።»

«ሙዝ?» አለ ሹፌሩ። «አሥራ አምስት ዓመት ስጠጣ አንድ ቀን ሙዝ አላገኘሁም!» አፍንጫውን ጃምቦው ውስጥ ነከረ። አስተማሪውም ነከረ። ብዙም ሳይቆይ የቤቱ ሰው ግማሹ አፍንጫውን አረፋ ውስጥ ከትቶ «አዎ፣ አለ!» «የለም፣ ጭዱ ነው!» እያለ ይከራከር ጀመር። የኳሱ ሁለተኛ አጋማሽ ተጀምሮ አሥር ደቂቃ ሄዷል፣ የሚያየው የለም።

እትዬ ብርቄ ስንወጣ በሩ ድረስ ሸኙን። «ጃምቦዎቹን ዛሬውኑ አወጣቸዋለሁ» አሉኝ። «ለማንም እንዳትናገር።» እኔም ኋላ ጠይቄያቸው በሰጡኝ ፈቃድ ስማቸውን ቀይሬ ነው የጻፍኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ዲላ

በመመለሻው መስኮቱን ከፈትኩት። የሚቃጠል የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ እርጥብ አፈር፣ ከአንድ ግቢ የሚፋቅ እንሰት፣ ከፊታችን የሚሄደው የጭነት መኪና ናፍጣ። ናፍጣው እንኳ ጣፈጠኝ። ተካልኝ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል፤ እሱ ከተፋሁት በቀር የቀመስኩትን ሁሉ የጨረሰ ሰው ነው።

ወናጎ ላይ ቀስቅሼው ወረድን፤ የጋሽ በራሶን ድራፍት ሳላሸት ማለፍ አልቻልኩም። እውነቱን ልናገር፦ ከሦስቱ ቤቶች የሚበልጠው የእሳቸው ነው። በርሜሉ ዛሬ የገባ ነው፣ ብርጭቆው ንጹሕ ነው፣ ሽታው እንደ ማለዳ የእህል ክምር ነው። ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ምንም አልሸተተኝም ነበር፤ ፍርሃቴ ነው መሰለኝ አፍንጫዬን የዘጋው። በወርቃው ናሙና ላይም የሆነው ይኸው ነው፤ አጣዋለሁ ብዬ ስለፈራሁ ማግኘት የፈለግኩትን አገኘሁ። እትዬ ብርቄ ቤት ግን ያልጠበቅኩት ነገር ነው የመጣብኝ፤ ስለዚህም አሁን አምነዋለሁ። ከጉዞው ያተረፍኩት ትምህርት ይህ ነው፤ ሰኞም ይዤው የምገባው ይህንን ነው። ጋሽ በራሶ ድራፍታቸው አንደኛ መሆኑን ስነግራቸው ወደ ጓዳ ዞረው «ሰማህ?» አሏቸው ሚስታቸውን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዲላ ገባን። ተካልኝን ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ታደለች በሩን ከፈተችልኝ፤ ፊቴን አይታ ምን እንደሆነ ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት አንድ ሽታ አስቆመኝ። ከእሷ ነው። ከጸጉሯ።

«ምንድነው ጸጉርሽ ላይ ያለው?» አልኳት።

«ምን ይሸታል?» አለች በቀስታ።

«ጥቁር አዝሙድ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት… ከሎሚ ጋር። መቼ ጀመርሽ?»

«ከታመምክ ወዲህ። ሦስት ወር ሆነኝ።» ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከንፈሯ ግን ይስቅ ነበር። «መቼ ሸተተኝ ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ። በየቀኑ ስቀባ መቼ ይለኛል እላለሁ።»

እጇን ያዝኩት። «አሁን ሂድና ታጠብ፣ ቢራ ቢራ ትሸታለህ» አለችኝ። እጄን ግን አልለቀቀችውም።